ያልጠቆረው እጅጌ

የሞተር ባለሙያው ኡስታ ባቢከር ሐሙስ ቀትር ላይ፣ ከሞተሩ ሆድ ስር በተቆፈረው ጠባብ ቦይ ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። ግንባሩ ተፈርክሷል፤ ፊቱና ደረቱ በተቃጠለ የሞተር ዘይት ርሷል፤ ከራሱ አጠገብ ክንድ ተኩል የሚረዝም የብረት መፍቻ ወድቋል። ያገኘችው ሚስቱ ኸድራ ነበረች፤ ምሳውን ይዛለት ሄዳ ነው።

የወርቅ ጉድጓዱን ውሃ የሚስበውን ያን የእንፋሎት ሞተር ፈረንጆቹ በግመልና በሰው ትከሻ አምጥተው ተከሉት፤ ወባ ሲያባርራቸው ደግሞ በካርቱም መርከቦች ላይ ሲሠራ ለኖረው ለባቢከር አስረክበውት ሄዱ። ከአሶሳ እስከ ኩርሙክ የሞተር ጠባይ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር። እሱ ሲሞት ሞተሩም ዝም አለ፤ ጉድጓዱም ውሃ መሙላት ጀመረ።

ባሻ ዳኜ ከአሶሳ ተልኮ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደረሰ። በሥራው መርማሪ ዳኛ፣ በጠባዩ የጭቃ ደመኛ ነው። ነጭ እጀ ጠባቡ ላይ አንዲት ጠብታ ካረፈችበት ያን ቀን እህል አይቀምስም ብለው ያሙታል። ሐሜት ነው፤ ይቀምሳል፣ ግን አይጥመውም። በቅሎው ወንዙን ተሻግራ ገና ዳገቱን ሳትጨርስ ጎርፉ ወረደና መመለሻውን ዘጋው።

ከፊቱ ያለውም ከዚህ የተሻለ አልነበረም። አፈርሳታ ተጥሏል። ሃምሳ የሚሆኑ የጉድጓዱ ሠራተኞች በቀርከሃ አጥር ውስጥ ተዘግተው ዝናብ ይወርድባቸዋል፤ ገዳዩ እስኪታወቅ ድረስ ማንም አይወጣም። ሥርዓቱ ሕፃን ያላትን እናትም፣ መንገደኛውንም፣ ዳኛውንም አይምርም።

በአጥሩ መካከል ሁለት ሰዎች በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው ተቀምጠዋል። ከሳሽና ተከሳሽ ነገሩ እስኪቆረጥ አብረው የሚታሰሩበት የቁራኛ ደንብ ነው። ተከሳሹ ሐምዳን የሚባል የበርታ ሰው፣ የባቢከር ረዳት ነው። ከሳሹ የዘበኞቹ ሹም ሃምሳ አለቃ ካሣ ነው። የአገሩ ገዢ ቃል ደግሞ አጭር ነበር፦ እስከ ማክሰኞ ሌላ ሰው ካልተገኘ ሐምዳን ይሰቀል።

«ነገሩ ግልጽ ነው ባሻ፤» አለ ካሣ። «ዘይቱ በየአሥራ አምስት ቀኑ ይለወጣል። ኡስታው ቦዩ ውስጥ ገብቶ በጀርባው ይተኛል፤ ከአፍንጫው በላይ ያለውን ብሎን በመፍቻ ይፈታል። የመፍቻውን እጀታ ከውጭ ሆኖ የሚይዝለት ይሄ ነው። ሐሙስ ዕለት ዘይቱን አፍስሰው ብሎኑን መልሰው ሲያጠብቁ ሆን ብሎ ለቀቀበት።»

«አይተሃል?»

«አላየሁም። ሬሳው እስኪገኝ ሞተሩ ቤት እግሬ አልረገጠም። ግን ረቡዕ ዕለት ኡስታው ራሱ እኔ ዘንድ መጥቶ ‹ሐምዳንን ፈራሁት› ብሎኛል። ማክሰኞ ሲጣሉ ደግሞ ሰዉ ሁሉ ሰምቷል። ይሄ ‹የእኔ ነው› ይላል፤ ያኛው ‹ዝም በል› ይላል።»

«ከዘበኞችህ አንዱን አብረኸው ብታስር ይበቃ አልነበረም? ለምን ራስህ ታሰርክ?»

«የሟቹ ደም አንገበገበኝ። በገዛ እጄ ልጠብቀው ብዬ ነው።»

ዳኜ ወደ ሐምዳን ዞረ። «የእኔ ነው ያልከው ምኑን ነው?»

ሐምዳን የታሰረ እጁን ተመለከተ። አማርኛ የተማረው ከወታደርና ከነጋዴ ነው፤ ቃሉን እየፈለገ ይናገራል። «አልናገርም ጌታዬ። እኔ ማለ። በሙስሐፍ፣ በቁርኣን ማለ።»

«ለማን ማልክ?»

«ለኡስታ። ኡስታ ሞተ። መሐላ አልሞተም።»

«ሐሙስ ጠዋት የት ነበርክ?»

«እንጨት። ለሞተር እንጨት ሄድኩ። ብቻዬን።»

«ማን ላከህ?»

ሐምዳን አፉን ከመክፈቱ ካሣ ሰንሰለቱን ሳብ አደረገና «እኔ ነኝ የላክሁት፤ መሄዱን ግን ማን አየ?» አለ።

«ካልተናገርክ ማክሰኞ ትሰቀላለህ፤» አለው ዳኜ።

«አውቃለሁ ጌታዬ።»

ዝም አይነቅዝም ይላል የአገሩ ሰው። ዳኜ ግን የማይነቅዘው ዝምታ ሰውን ሲያንቅ ከዚህ በፊት አይቷል። ይህ ሰው ለሕይወቱ ያልተናገረውን ምን ብሎ ያናግረዋል? ደግሞስ ካሣ ክንድ በማትሞላ ሰንሰለት አጠገቡ ተቀምጦ ምኑን ያናግረዋል?

የሞተሩ ቤት በቀርከሃ የታጠረ፣ አንድ በር ብቻ ያለው ጨለማ ቤት ነው። ዳኜ ብቻውን ገባ። በሞተሩ አናት ላይ ያለችውን የዘይት መጨመሪያ ክዳን ከፍቶ ረጅም የሣር አገዳ ሰደደባትና መዞ አየው። ዘይቱ ማር ይመስላል። ከተለወጠ ሦስትና አራት ቀን ቢሆነው ነው። በግድግዳው ሥር የተቃጠለ ዘይት የሚጠራቀምበት እንስራ ቆሟል፤ ባዶውን ነው፤ ከጎኑ ዘይት የጠጣ የማጥለያ ጨርቅ ተሰቅሏል።

ቀጥሎ የሚሠራውን ያውቃል፤ አልፈለገውም እንጂ። በቦዩ አፍ ላይ ቆሞ ነጭ እጀ ጠባቡን ተመለከተ። ሌላ ሰው እንዳያስገባ ሁሉም አጥር ውስጥ ነው፤ ማንን ይመን? ቢቸግረው ሱሪውን ሰብስቦ መፍቻውን ያዘና በጀርባው ተንሸራቶ ገባ።

ቦዩ የሬሳ ሣጥን ያህል ነው። ትከሻው ከግራና ከቀኝ አፈር ነካ፤ የብረቱ ሆድ ከአፍንጫው አንድ ስንዝር ላይ ቆመ። ጉልበቱን ላጥፍ ቢል አልታጠፍ አለው፤ ልዙር ቢል አልዞር አለ።  ባቢከር ይህን በየአሥራ አምስት ቀኑ ያደርግ ነበር ብሎ አሰበና አዘነለት።

ብሎኑን በጣቱ ዳሰሰው። በዙሪያው አቧራና ዘይት ተጋግሮ እንደ ቅርፊት ደርቋል፤ አንድም ስንጥቅ የለበትም። መፍቻውን አግብቶ ባለ በሌለ ኃይሉ ቢጫነው ብሎኑ ንቅንቅ አላለም፤ ግን የመፍቻው ጥርስ ነክሶት የሚያበራ አዲስ ጭረት ጣለበት። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ጭረት አልነበረም። በሞተሩ ሆድ ላይ የተጠራቀመው ጥቁር እድፍ ደግሞ በተዘረጋው ክንዱ ላይ እየተንጠባጠበ፣ በእጅጌው ውስጥ ቁልቁል ወርዶ ብብቱ ድረስ ገባ።

ሲወጣ ከባሻ ዳኜ ነጭ የቀረው ጥርሱ ብቻ ነበር።

ኸድራ የባል ሐዘን ላይ ናት፤ በደንቧ ወንድ አይገባባትም። ዳኜ ከደጃፏ ውጭ ቆመ፤ እሷ ከሣር ግርዶው ኋላ ሆና የጠቆረ እጅጌውን አየች።

«ይህ ልብስ፣» አለች፣ «የድሮ ባቢከር ልብስ ነው። እንዲህ ይመጣ ነበር።»

«ድሮ ስትይ?»

«ከሁለት ወር በፊት። ሁልጊዜ እስከ ብብት ጥቁር። አመድና እንዶድ አፈላለሁ፣ ሁለት ቀን አጥባለሁ። እጄን እይ።» ሁለት እጆቿን በግርዶው ክፍተት አወጣች። የመዳፏ መካከል ገና እንደ ጥሬ ሥጋ ቀይ ነው፤ ከጣቶቿ አንሥቶ አዲስ ቆዳ እየሸፈነው መጥቷል። «ከዚያ ልብስ ንጹሕ መጣ። አሥራ አምስት ቀን፣ ንጹሕ። ደግሞ አሥራ አምስት ቀን፣ ንጹሕ። እኔ ምን አልኩ? ሌላ ሴት አለ አልኩ። እሷ ያጥባል አልኩ። ሁለት ወር ከባሌ ጋር ደህና አልተነጋገርኩም። ሐሙስ ምሳ ይዤ ስሄድ ሰላም ልለው አስቤ ነበር።»

 ዳኜ ሟቹ ለብሶት የተገኘውን ጀለቢያ ለመነ። ኸድራ ሳታጥብ አስቀምጣው ነበር፤ እንዴት ታጥበዋለች? ደረቱ ጥቁር ነው፤ ጀርባው ጥቁር ነው። እጅጌዎቹ ግን ከአንጓ እስከ ብብት ነጭ ናቸው። ዳኜ የራሱን እጅጌ ከአጠገቡ አድርጎ አስተያየው። ቀጥሎ በመሐረቡ የጀለቢያውን አንገትጌ ጠረገና ወደ ብርሃን አወጣው። በጥቁሩ መካከል ሦስት አራት ቢጫ ቅንጣቶች አበሩ።

«ያ ክምር ምንድን ነው?» አለ፣ በግርዶው ክፍተት የታየውን የልብስ ቁልል እያመለከተ።

«የዘበኛ ልብስ። ሐሙስ ጠዋት አመጡልኝ። ከዚያ ይህ ሞት መጣ፣ አልነካሁም።»

«የሞተር ዘይት ከልብስ የሚያስለቅቅ ሌላ ሰው አለ?»

«የለም። እኔ ብቻ።»

ክምሩን አንድ በአንድ በግርዶው ሥር እንድታሳየው ጠየቃት። አንዱ ላይ ሲደርሱ ቆመ፣ መሐረቡንም ጠረግ አደረገበት። «ይህን ለይተሽ አኑሪልኝ፤» አላት፣ «ለማንም እንዳትሰጪ።»

እሑድ ጠዋት ዳኜ ሁለቱን ቁራኞች አስከትሎ የሐምዳንን ጎጆ ሊፈትሽ ሄደ። ከአንድ መደብ፣ ከአንድ የቦርዴ ጋንና ከአንዲት የውሃ ቅል በቀር ንብረት የለውም። በጣራው ማገር ላይ፣ ጋኑ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች ቦርዴ የሚስቡባቸው ረጃጅም የቀርከሃ መምጠጫዎች ተሰክተዋል። የአገሩ ሰው ጋኑን አያጋድልም፤ ተቀምጦ በመምጠጫ ይስባል። ከመካከላቸው አንዱ ከሌሎቹ ወፈር ይላል፤ በእሳት ለዝቦ እንደ ክርን ታጥፏል።

«ውሃ ጠማኝ፤» አለ ዳኜ። ቅሉን አነሣ፤ የታጠፈውን መምጠጫ መዞ ቅሉ ውስጥ ሰደደና ሳብ አደረገ። የተቃጠለ ዘይት አፉን ሞላው። ጭቃ የሚጠየፈው ሰውዬ ፊቱን አላጨማደደም፤ ዋጠው፣ አፉን ጠረገና «ጥሩ ውሃ ነው፤» አለ።

ካሣ ወደ ውጭ እያየ ነበር። ሐምዳን ግን ዳኜን አየው። ከተቆራኘ ወዲህ ዓይኑ ውስጥ የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ የታየው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ዳኜ አርብ ዕለት ግመሎቹን ይዞ መጥቶ አፈርሳታው ያጠመደውን የኩርሙክ ነጋዴ ማህጁብን አነጋገረ።

«ያ ሰይዲ፣ ጌታዬ፣ እኔ በዚህ ነገር የለሁበትም፤» አለ ማህጁብ። «ወላሂ፣ ባቢከር ሲሞት ከወንዙ ማዶ ነበርኩ። ግመሎቼን እከክ ይዟቸዋል፤ የተቃጠለውን ዘይት ልቀባቸው እንስራውን ልወስድ መጣሁ። ሁልጊዜም እወስዳለሁ።»

«ወርቅ እንዳይወጣ በግቢው በር ላይ ሰው እስከ ጸጉሩ ይፈተሻል። እንስራው ይፈተሻል?»

«ያን ቆሻሻ ማን እጁን ይሰድበታል? ሃምሳ አለቃ ራሱ ‹እለፍ› ይለኛል።»

ይህን ብሎ ማህጁብ ወደ ግመሎቹ ዞረ።

ሰኞ ረፋድ ላይ ዝናቡ አባራ። ዳኜ አፈርሳታውን እንዳለ አስነሥቶ ከኸድራ ደጃፍ ፊት አስቀመጠው፤ እሷም ከግርዶዋ ኋላ ሆና እንድትሰማ ነው። አሁንም ያንኑ የጠቆረ እጀ ጠባብ ለብሷል።

«እስካሁን የተባለው ሁሉ በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው፤» ሲል ጀመረ። «ባቢከር ዘይት ሊለውጥ ቦዩ ውስጥ ገባ በሚለው። ይህን እጅጌዬን እዩ። አንድ ጊዜ ገብቼ ብሎኑን ልፈታ ብሞክር እድፉ ብብቴ ድረስ ወረደ። አሁን ደግሞ የሟቹን እዩ።» ጀለቢያውን ዘረጋው። «ደረቱ ጠቁሯል፣ እጅጌው ነጭ ነው። ባቢከር ክንዱን አንሥቶ ብሎን አልፈታም። ዘይቱ በላዩ ላይ ተደፋበት። ብሎኑንም አይቼዋለሁ፤ ከሁለት ወር ወዲህ መፍቻ አልነካውም።»

«ታዲያ ዘይቱ እንዴት ተለወጠ?» አለ ካሣ።

«እኔም የጠየቅሁት ይህንኑ ነው። ሞተሩ ውስጥ ያለው ዘይት አዲስ ነው። በታች ካልወጣ በላይ ወጥቷል።» የታጠፈውን መምጠጫ አነሣ። «ሐምዳን፣ አንተ አትናገር። መሐላህን ጠብቅ፤ የምናገረው እኔ ነኝ። ቦርዴ እንዴት እንደምትጠጡ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የዚህን አንዱን ጫፍ በሞተሩ አናት ስደዱት፤ ሌላውን ጫፍ አንድ ጊዜ በአፍ ሳቡና ከሞተሩ ዝቅ ብሎ ወደ ተቀመጠው እንስራ አውርዱት። ዘይቱ ራሱ እየተጎተተ ይወርዳል። ማንም ቦይ አይገባም፤ አንዲት ጠብታ መሬት አይነካም። ለካርቱም ኡስታ ይህን ያሳየው ረዳቱ ነው። ኡስታው ሰው እንዳያውቅበት አፈረና በሙስሐፍ አስማለው፤ በር ዘግተው ይሠሩ ጀመር። ‹የእኔ ነው› የተባለው ወርቅ አይደለም፤ ይህ ቀርከሃ ነው።»

ሐምዳን አንገቱን ደፋ። እንባው አፍንጫው ላይ ደርሶ ሲንጠባጠብ በታሰረው እጁ ሊጠርገው አልቻለም።

«እንግዲህ ገዳዩ የቀድሞውን አለዋወጥ እንጂ አዲሱን የማያውቅ ሰው ነው። ሐምዳን ቢገድል ኖሮ ሬሳውን እሱ መፍቻ ከሚይዝበት ሥር አያስተኛውም ነበር፤ በገዛ አንገቱ ገመድ ማጥለቅ ነው። አሁን ወደ እንስራው። ባቢከር የወጣውን ዘይት አጥልሎ መልሶ ሊሠራበት ፈለገ፤ የማጥለያው ጨርቅ ከእንስራው ጎን ተሰቅሏል። ረቡዕ ዕለት ሲያጠልል ከሥሩ የወርቅ ዱቄት አገኘ። የሞተሩ ቤት ውሃ እንጂ ወርቅ አይገባበትም። ከዚህ ግቢ ሳይፈተሽ የሚወጣ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ሰው የሚጸየፈው ያ እንስራ። ባቢከር የዋህ ነበርና እንዲህ ያለ ነገር ላገኘ ሰው የሚነገረው ለዘበኞች ሹም ነው ብሎ ሄደ። ረቡዕ ዕለት እሱ ዘንድ መምጣቱን ራሱ ነግሮናል።»

የሰዉ ዓይን ሁሉ ካሣ ላይ አረፈ።

«ስሜን በከንቱ አታንሣ፤» አለ ካሣ። «እንስራውን የሚወስደው ነጋዴው ነው።»

«ነጋዴው ሐሙስ ከወንዙ ማዶ ነበር። ማህጁብ፣ ከሥር ያለው ለማን ይደርሳል?»

ማህጁብ ከንፈሩን ላሰ። «ከላይ ያለው ለግመሌ ነው። ከሥር ያለውን... ኩርሙክ አንድ ሰው ይቀበለኛል። ሃምሳ አለቃ የነገረኝ ሰው ነው። ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።»

«ጠይቀህ ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው በሕይወት ይኖር ነበር፤» አለው ዳኜ፤ ከዚያ ወደ ግርዶው ዞረ። «ኸድራ፣ ያኖርሽውን ስጪኝ።»

ከሣሩ ሥር የተጠቀለለ ልብስ ወጣ። ዳኜ ፈታው። ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ጃኖ ነው፤ በግቢው ውስጥ እንዲህ ያለ ሽልማት የሚለብስ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ካሣ። ከጥለቱ በታች ዘይቱ ጠቁሮ ደርቋል፤ በጥቁሩ ውስጥም ቢጫ ቅንጣቶች ያበራሉ።

«‹ሬሳው እስኪገኝ ሞተሩ ቤት እግሬ አልረገጠም› ብሎኝ ነበር፤» አለ ዳኜ። «ሐሙስ ማለዳ ሐምዳንን እንጨት ልኮ ባቢከርን መታው፤ ቦዩ ውስጥ ጎትቶ አስተኛው፤ ወርቁን አውጥቶ ዘይቱን ሲደፋበት ጃኖው ተበከለ። ጃኖ አይጣልም፣ የት ገባ ይባላል። ይህን እድፍ የምታስለቅቀው ደግሞ አንዲት ሴት ብቻ ናት። ሬሳው ሳይገኝ ከዘበኞቹ ልብስ ጋር ቀላቅሎ ላከላት። ቀትር ላይ መልሶ ሊወስደው ቢያስብም አልሆነም። የሐዘን ቤት ወንድ አይገባበትም። ሐምዳን ብቻውን ከሰው እንዳይነጋገር ብሎም በገዛ እጁ ተቆራኝቷል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።»

ካሣ ብድግ አለ። ወደ ወንዙ በኩል አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ሁለተኛውን ሊደግም ሲል ሐምዳን ዝም ብሎ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ሰንሰለቱ ተወጠረና ካሣን በጉልበቱ ጣለው።

ዳኜ መክፈቻውን አውጥቶ የሐምዳንን እጅ ፈታ። የካሣን ጫፍ አልነካውም፤ ባዶውን ቀለበት በሁለት ዘበኞች ፊት ግንድ ላይ ቆለፈው። የቀርከሃው አጥር ተነቀለ፤ ሰዉ ግን ወዲያው አልሄደም። ነፃ መሆኑን እግሩ ያላመነ ይመስል ቆሞ ቀረ።

ሐምዳን አንጓውን እያሸ ወደ ግርዶው ቀረበ። ኸድራ ከውስጥ ጠየቀችው፣ «ለምንድነው? ቀርከሃ ለምን ፈለገ? ቦይ ጠላ?»

ሐምዳን ወደ ዳኜ ተመለከተ። ዳኜ «መሐላህ አልቋል፤» አለው።

«ቦይ ለመደ። ሃያ ዓመት ቦይ ገባ፣ ምንም አላለም፤» አለ ሐምዳን። «አንድ ቀን ግን ‹የኸድራ እጅ አለቀ› አለኝ። ‹ልብስ ሳይጠቁር ዘይት እንዴት ይወጣል? አስብልኝ› አለኝ። እኔ አሰብኩ። ከዚያ ‹ለኸድራ አልነግርም፣ ረዳት አስተማረው ትላለች› አለ። ኩሩ ሰው ነበር።»

 ሐምዳን መምጠጫውን ይዞ ወደ ሞተሩ ሄደ፤ ጉድጓዱ ሞልቷልና ውሃው መሳብ አለበት። እሳቱ ተያይዞ ሞተሩ ሲነሣ ድምፁ የኸድራ ቤት ድረስ መጣ።

«ባሻ፣» አለች ያን ጊዜ፣ «ልብስህ ጠቁሯል። ስጠኝ፣ ላጥበው።»

ዳኜ በግርዶው ክፍተት የወጡትን እጆች አየ። አዲሱ ቆዳ መዳፉን ሊሸፍን ጥቂት ቀርቶታል።

«ይቅር፤» አላት።

ወንዙ ረቡዕ ዕለት ጎደለ። ባሻ ዳኜ ተሻግሮ ወደ አሶሳ ሲመለስ በመንገድ ያገኙት ሁሉ ዞር ብለው ያዩት ነበር፤ እጅጌው እስከ ብብቱ ድረስ ጥቁር ነበርና።